የጥንቸል ግልገልና የሰው እጅ፤ ስለ ለማዳ ጥንቸል አመጣጥ አጭር ጥናት

የቤት እንስሳትን ታሪክ የሚያጠና ሰው አስቀድሞ የሚመለከተው በሬን፣ ፈረስንና በግን ነው። እነዚህ እንስሳት እርሻን ያቆሙ፣ ጭነትን ያጓጓዙና የጦር ሜዳን የዋሉ ስለ ሆኑ ብዙ ተጽፎላቸዋል። ጥንቸል ግን ትንሽ ፍጥረት በመሆኗ የታሪክ ጸሐፊዎች በአንድ አንቀጽ አልፈዋት ይሄዳሉ። ያም አንድ አንቀጽ ቢሆን ለረጅም ጊዜ ስሕተት ሲደጋገምበት የኖረ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አዲስ የተወለደ የጥንቸል ግልገል ከሰው እጅ ጋር በምን ምክንያት እንደ ተገናኘ፣ ያው እጅ መቼ ገዳይ መቼም አላማጅ እንደ ሆነ መመርመርና በዚህም መንገድ ለማዳ ጥንቸል ከየት መጣች ለሚለው ጥያቄ የሚቻለውን ያህል መልስ መስጠት ነው። የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ስለ ስሙ

ወደ ነገሩ ከመግባታችን በፊት አንድ የቃል ችግር መፍታት ይገባናል። በአማርኛ ጥንቸል የሚለው ስም ሁለት ልዩ ልዩ እንስሳትን ይይዛል። አንደኛዋ በአገራችን ሜዳና ቁጥቋጦ ውስጥ የምትኖረው ናት፤ ጉድጓድ አትቆፍርም፣ የምትወልደውም በገላጣ ቦታ ነው፤ ግልገሏም ጠጉር ለብሶ፣ ዐይኑን ገልጦ፣ ለመንቀሳቀስ ተዘጋጅቶ ይወለዳል። ሁለተኛዋ የትውልድ አገሯ እስጳንያ፣ ፖርቱጋልና ደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ የሆነችው፣ ሊቃውንት ኦሪክቶላገስ ኩኒኩሉስ የሚሏት ናት። ይህችኛዋ ጉድጓድ ቆፍራ በማኅበር ትኖራለች፤ ግልገሏም ራቁቱን፣ ዐይኑ እንደ ተጨፈነና ጆሮው እንደ ተደፈነ ይወለዳል። በዓለም ላይ ያሉት ለማዳ ጥንቸሎች በሙሉ፣ ነጩም ጥቁሩም ትልቁም ትንሹም፣ የሁለተኛዋ ዘሮች ናቸው። በዚህ ጽሑፍ የመጀመሪያይቱን የሜዳ ጥንቸል፣ ሁለተኛይቱን የጉድጓድ ጥንቸል እንላታለን።

ልዩነቱ የስም ብቻ አይደለም። የሜዳ ጥንቸል በቤት ለምዳ ዘር ያላፈራች ስትሆን የጉድጓድ ጥንቸል ግን ለምዳለች። የዚህ አንዱ ምክንያት በማኅበር መኖሯ ነው። ሌላው ደግሞ ግልገሏ ለቀናት ራሱን መርዳት የማይችል ሆኖ በአንድ ጉድጓድ ውስጥ ተኝቶ መቆየቱ ነው። እንዲህ ያለውን ፍጥረት የሰው እጅ በቀላሉ ያገኘዋል።

ኦሪት ዘሌዋውያን በምዕራፍ 11 ጥንቸልን ከማይበሉት እንስሳት ጋራ ስለሚቆጥራት በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት የሚኖር ሰው ሥጋዋን አይቀምስም። ስለዚህ ከዚህ በታች የምንተርከው የምግብ ታሪክ ለብዙው አንባቢ እንግዳ ይሆናል። ይሁን እንጂ ታሪኩ የተጀመረው ከማዕድ ላይ ስለ ሆነ ከዚያው መነሣት ግድ ይለናል።

በሮማውያን ዘመን

ስለ ጉድጓድ ጥንቸል ግልጽ ጽሑፍ ትተውልን ካለፉት ከቀደሙት አንዱ ሮማዊው ቫሮ ነው። ይህ ሰው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ37 ዓመት ስለ እርሻ በጻፈው መጽሐፍ ሦስተኛ ክፍል ባለጸጎች ጥንቸል ስለሚያኖሩበት በግንብ የታጠረ ቦታ ይናገራል። በዚያም ከሚጠብቋቸው ሦስት ዓይነቶች አንዱ ከእስጳንያ የመጣው ኩኒኩሉስ የሚባለው መሆኑን ይገልጻል፤ ስሙም ከሚቆፍረው ጉድጓድ የተገኘ ነው ይላል። እንግዲህ አጥር ነበረ ማለት ነው፤ ነገር ግን በአጥር ውስጥ መኖር መልመድ አይደለም። በግንቡ ውስጥ ያሉት እንስሳት የዱር አራዊት ነበሩ፤ ሰው የሚቀርባቸውም ለማደንና ለማረድ ነበር።

ከቫሮ በኋላ በአንደኛው መቶ ዓመት የኖረው ሽማግሌው ፕሊኒ በተፈጥሮ ታሪክ መጽሐፉ ስምንተኛ ክፍል ሁለት ነገሮችን መዝግቦልናል። አንደኛው የባሌአሪክ ደሴቶች ሰዎች ጥንቸል ሰብላቸውን ስላጠፋባቸው ከአውግስጦስ ቄሣር የወታደር እርዳታ መለመናቸው ነው። ግሪካዊው ስትራቦንም ስለዚህ መከራ ይመሰክራል፤ እንደ እርሱ አነጋገር ደሴተኞቹ መልእክተኞች ልከው የለመኑት ሌላ የሚኖሩበት መሬት ነበር። ሁለተኛው ለጥናታችን ዋና የሆነው ነው። ከእናቱ ማሕፀን ተቀዶ የወጣ ወይም ከጡት የተነጠቀ የጥንቸል ግልገል፣ የሆድ ዕቃው ሳይወጣ ተዘጋጅቶ፣ እጅግ የተወደደ ምግብ እንደ ነበረ ፕሊኒ ይነግረናል፤ ስሙንም ላውሪኬስ ይለዋል።

ስለዚህ አዲስ የተወለደ የጥንቸል ግልገልና የሰው እጅ ለመጀመሪያ ጊዜ በጽሑፍ ላይ ተገናኝተው የምናያቸው በሞት ነው። ግልገሉ ራቁቱን ስለ ሆነ፣ አጥንቱም ገና ስላልጠና፣ ሮማዊው ባለጸጋ እንደ ለስላሳ ሥጋ ቈጠረው። ይህን የምንጠቅሰው በዚያ ዘመን ሰዎች ላይ ለመፍረድ ሳይሆን፣ ቀጥሎ የሚመጣው ታዋቂ ስሕተት የተሠራው ከዚሁ ምግብ ላይ ስለ ሆነ ነው።

የሁለቱ ጎርጎርዮሶች ነገር

በብዙ መጻሕፍት ውስጥ ተደጋግሞ የሚገኝ አንድ ታሪክ አለ። እንደ ታሪኩ አባባል የሮም ጳጳስ ታላቁ ጎርጎርዮስ በ600 ዓ.ም. ገደማ የጥንቸል ግልገል እንደ ዓሣ እንዲቈጠርና በዐቢይ ጾም እንዲበላ ፈቀደ፤ ከዚህም የተነሣ የፈረንሳይ መነኮሳት ጥንቸልን በገዳማቸው ግቢ ማርባት ጀመሩ፤ ለማዳ ጥንቸልም በዚህ ምክንያት ተገኘች። ታሪኩ አጭር፣ ግልጽና ለማስታወስ የሚመች ነው፤ የለማዳዋን ጥንቸል መነሻ በአንድ ሰው፣ በአንድ ዓመትና በአንድ ትእዛዝ ይደመድመዋል። የእንስሳት ጠበብት፣ የቅርስ ቆፋሪዎችና በኋላም የዘረ-መል ተመራማሪዎች ሁሉ አንዱ ከሌላው እየተቀበሉ ጻፉት።

በ2018 ኢቫን ኧርቪንግ ፒዝ፣ ግሬገር ላርሰንና ባልደረቦቻቸው ይህን ታሪክ እስከ ምንጩ ድረስ ተከታትለው መረመሩት። የተባለውንም የጳጳሱን ትእዛዝ አላገኙትም። ያገኙት የሌላ ጎርጎርዮስ ጽሑፍ ነው። እርሱም በ594 ያረፈው፣ የፍራንኮችን ታሪክ የጻፈው የቱር ከተማ ኤጲስ ቆጶስ ነው። ይህ ጎርጎርዮስ ሮኮለን ስለሚባል የንጉሥ ኪልፔሪክ ሹም ይተርካል። ሮኮለን የቱርን ቤተ ክርስቲያን ካስፈራራ በኋላ ታሞ በ576 ሞተ፤ ጊዜው ዐቢይ ጾም ሲሆን ሰውየው የጥንቸል ግልገሎችን ደጋግሞ ይበላ ነበር ይላል። የታሪኩ ምንጭ ይኸው ብቻ ነው። ትእዛዝ የለበትም፤ ዓሣ የለበትም፤ የሚያረባ መነኩሴም የለበትም።

ከዚህም በላይ ዐረፍተ ነገሩ ራሱ ለሁለት ትርጉም የተከፈተ ነው። ግልገሉን በጾም መብላት የተፈቀደ ነበር ብሎ የሚያነብ ይኖራል። ነገር ግን ጸሐፊው ሮኮለንን የሚያቀርበው ቅዱሱን ስፍራ እንደ ደፈረ ሰው ስለ ሆነ፣ መብላቱን የጠቀሰው ጾሙን መሻሩን ለማሳየት ነው ብሎ ማንበብም ይቻላል። ከአንድ የተጠራጠረ ዐረፍተ ነገር በስም መመሳሰል የጳጳስ አዋጅ ተሠራ፤ ከአዋጁም አንድ የእንስሳ ዘር ተወለደ ተባለ። የዘረ-መል ስሌትም ቢሆን የለማዳዋንና የዱሯን መለያየት በ600 ዓ.ም. ላይ አያስቀምጠውም። በአጥንት ላይ የሚታየው የቁመና ለውጥ ደግሞ ከዚያ ዘመን ብዙ መቶ ዓመታት ቆይቶ የመጣ ነው።

ይህ ለታሪክ ተማሪ ትልቅ ትምህርት ነው። ስሕተቱ የቆየው ማስረጃው ጠንካራ ስለ ነበረ ሳይሆን ሁሉም ከፊተኛው ስለ ተቀበለ ነው። አንድ ሰው የቱሩን መጽሐፍ ገልጦ ቢያነብ ኖሮ ነገሩ ቶሎ በታወቀ ነበር።

ከአጥር ወደ ሣጥን

አዋጁ ከሌለ እንግዲህ ጥንቸል እንዴት ለመደች? የሚታየው ማስረጃ ረጅምና ቀስ ያለ መንገድን ያመለክታል፤ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው ነው።

በመካከለኛው ዘመን ጥንቸል በምዕራብ አውሮፓ ከግቢ ወደ ግቢ ስትተላለፍ እናያለን። በ1149 በጀርመን የኮርቫይ ገዳም አበምኔት ዊባልድ በፈረንሳይ ካለው የሶሊኛክ ገዳም አበምኔት ሁለት ጥንድ ጥንቸል እንዲላክላቸው ጠይቀዋል። ወደ እንግሊዝ አገርም በ12ኛው መቶ ዓመት በኖርማኖች ዘመን ገባች፤ ጌቶችም አፈር እየከመሩ ጉብታ ሠርተው አኖሯት። በእንግሊዝኛ ዛሬ ለእንስሳይቱ ሁሉ የሚነገረው ራቢት የሚለው ስም ያን ጊዜ የግልገሉ ብቻ ስም ነበር፤ ያደገችው ኮኒ ትባል ነበር። በኋላ የግልገሉ ስም የእናቲቱን ስም አጠፋው።

ይህ ሁሉ ግን ገና የአጥር ዘመን ነው። በ1600 ፈረንሳዊው ኦሊቪዬ ደ ሴር ስለ እርሻ ባሳተመው መጽሐፍ በሰፊው አጥር ውስጥ የምትኖረውን ጥንቸል በቤት አጠገብ በጠባብ ቦታ ከምትረባው ለይቶ ይጽፋል። ይህ መለያየት ትልቅ ነገር ነው። በሰፊው አጥር ውስጥ እናቲቱ የምትወልደው ከመሬት በታች ነው፤ ሰው ግልገሉን የሚያየው አድጎ ሲወጣ ነው። በጠባቡ ቦታና በሣጥን ውስጥ ግን የምትወልደው በሰው ዐይን ሥር ነው። ጠባቂው ይመግባል፣ ያጸዳል፣ የሞተውን ያነሣል፣ ግልገሉን ይቈጥራል። በዚህ ጊዜ እጁ በየቀኑ ወደ ጎጆው ይገባል።

በነሐሴ ወር 1789 የፈረንሳይ ምክር ቤት የመኳንንቱን ልዩ መብት ሲሽር ጥንቸል የማኖር መብትም አብሮ ተሻረ። ከዚያ ወዲህ ጥንቸልን በሣጥን ማርባት በገበሬውና በከተማ ዳር በሚኖረው ሠራተኛ ቤት ተስፋፋ። ስለዚህ ጥንቸል በእርግጥ የቤት እንስሳ የሆነችው በጌታ ግንብ ውስጥ ሳይሆን በድኻ ጓሮ ውስጥ ነው ብንል ብዙ አንሳሳትም። በ19ኛው መቶ ዓመት ልዩ ልዩ ዘሮችን ለውበት ማርባት ተጀመረ። በመጨረሻም በ1985 በአሜሪካ ማሪኔል ሃሪማን ጥንቸልን እንደ ድመት በቤት ውስጥ ስለ ማኖር መጽሐፍ አሳተመች፤ በ1988ም ለዚሁ ሐሳብ የሚሠራ ማኅበር ተቋቋመ።

በጎጆው ውስጥ የሚሆነው

የሰው እጅ በጎጆው ውስጥ ምን እንደሚሠራ ለመረዳት የእናቲቱን ባሕርይ ማወቅ ያስፈልጋል። ጥንቸል የምታረግዘው 31 ቀን ያህል ነው። ለመውለድ ስትቃረብ ሣር ትሰበስባለች፤ ከገዛ ሆዷም ጠጉር እየነጨች ጎጆውን ታለብሰዋለች። ከወለደች በኋላ ግን ከልጆቿ ጋር አትተኛም። በ1965 ዛሮው፣ ዴነንበርግና አንደርሰን ባሳተሙት ጥናት እንደ ታየው እናቲቱ ግልገሎቿን የምታጠባው በቀን አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ይህም ከሦስት እስከ አራት ደቂቃ የሚሆን ጊዜ ይወስዳል። በዱር ያለችው አጥብታ ስትወጣ የጉድጓዱን አፍ በአፈር ትደፍነዋለች።

ይህን ያላወቀ ሰው እናቲቱ ልጆቿን ጣለች ብሎ ይፈርድባታል። እውነቱ ግን ተቃራኒው ነው፤ ርቃ መቆየቷ አዳኝ አውሬ ሽታዋን ተከትሎ ወደ ልጆቿ እንዳይመጣ ይጠብቃል። ግልገሎቹም ይህን ሥርዓት የተስማሙበት ይመስላሉ። የማጥቢያው ሰዓት ሲቃረብ ነቅተው ከጠጉሩ ውስጥ ብቅ ይላሉ፤ ከጠቡ በኋላ ተመልሰው ይቀበራሉ። ጡቱን የሚያገኙት በሽታ ነው፤ በ2003 ቤኖይስት ሻልና ባልደረቦቹ ይህን የሚያነሣሣውን ንጥረ ነገር ከጥንቸል ወተት ለይተው አሳይተዋል። ዐይናቸው የሚገለጠው በአሥረኛው ቀን ገደማ ነው። ከዚያ በፊት ዓለምን የሚያውቋት በአፍንጫና በቆዳ ብቻ ነው ማለት ይቻላል።

እጅ የሚያላምደው መቼ ነው?

ገና በሕፃንነቱ በሰው እጅ የተነካ እንስሳ ጠባዩ እንደሚለወጥ በ1950ዎቹ በአይጥ ላይ በተደረገ ምርምር ታወቀ። በጥንቸል ላይ የተደረገው ዋና ጥናት ግን የሃንጋሪ ሊቃውንት ሥራ ነው። በ1999 ፒተር ፖንግራትዝና ቪልሞሽ አልትቤከር፣ በ2000 ደግሞ አግነሽ ቢልኮና አልትቤከር ያሳተሟቸው ጥናቶች የሚከተለውን አሳዩ። በተወለደ በመጀመሪያው ሳምንት በየቀኑ በእጅ የተያዘ ግልገል ካደገ በኋላ ሰውን አይፈራም፤ ወደ ሰውም ራሱ ይቀርባል። ነገር ግን ይህ የሚሆነው በማንኛውም ሰዓት ሲነካ አይደለም። ፍሬ የሚያስገኘው ንክኪ ከመጥባቱ ሰዓት ጋር የተያያዘው፣ ይኸውም በግማሽ ሰዓት ገደማ ውስጥ የሚደረገው ነው። ከዚያ ርቆ የሚደረገው ንክኪ ያን ያህል ውጤት አይሰጥም። ምክንያቱም ግልገሉ ነቅቶ ሽታን የሚማርበት ጊዜ ይኸው ስለ ሆነ ይመስላል። በ2005 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ በዚህ ሰዓት የሚደረግ እጅግ አነስተኛ ንክኪ እንኳ ፍርሃትን እንደሚቀንስ አመልክቷል።

ለታሪክ ተማሪ ከሁሉ የሚበልጠው ግን የ2000ው ጥናት ሌላው ውጤት ነው፤ በዚሁ አኳኋን የተያዙት የዱር ጥንቸል ግልገሎችም ሰውን መፍራት ትተዋል። በሌላ አነጋገር ለማዳነት ከዘር ብቻ የሚወረስ አይደለም፤ በእያንዳንዱ ግልገል ዘንድ እንደገና የሚሠራ ሥራ አለ። በአንጻሩ የዘርም ድርሻ መካድ የለበትም። በ2014 የታተመው የካርኔይሮና የባልደረቦቹ የዘረ-መል ጥናት በለማዳና በዱር ጥንቸል መካከል ያለው ልዩነት በአንድ ታላቅ ለውጥ ሳይሆን በብዙ ትናንሽ ለውጦች የተሠራ መሆኑን፣ ከእነዚህም ብዙዎቹ ከአንጎል እድገት ጋር የተያያዙ መሆናቸውን ገልጿል። በ2018ም ፍርሃትን የሚመራው የአንጎል ክፍል በለማዳይቱ ዘንድ አንሶ፣ ፍርሃትን የሚገታው ክፍል ግን ሰፍቶ ተገኝቷል።

እነዚህን ማስረጃዎች ከሣጥኑ ታሪክ ጋር ስናገናኝ አንድ አሳብ ይመጣልናል። በጓሮው ሣጥን ዘንድ በየማለዳው የሚቆመው ገበሬ ስለ ግልገል አስተዳደግ የተማረው ነገር አልነበረም። ሆኖም ጎጆውን ሲከፍት እጁ አንዳንድ ጊዜ ከማጥቢያው ሰዓት ጋር መገናኘቱ አይቀርም። ከተነኩት መካከል እርጋታ ያላቸው በሣጥን ውስጥ ተዋልደው ዘር አተረፉ፤ የሚደነግጡት ልጆቻቸውን እየረገጡና እያጠፉ ዘራቸው አነሰ። ይህ የእኛ ግምት ነው እንጂ በመዝገብ የተጻፈ አይደለም። ነገር ግን ከአንድ ጳጳስ አዋጅ ይልቅ ከሚታየው ማስረጃ ጋር የሚስማማው ይህ ይመስለናል።

ለሚያረቡ ሰዎች

ከዚህ ታሪክ ለተግባር የሚጠቅም ምክር ይገኛል። እናቲቱ ከመውለዷ በፊት ጠባቂዋን ልትለምድ ይገባል፤ የደነገጠች እናት ወደ ጎጆው ዘልላ ልጆቿን ልትረግጥ ትችላለችና። ሰው የነካውን ግልገል እናቱ ትተወዋለች የሚለው አባባል ለማዳይቱን በሚመለከት ልክ አይደለም፤ ቢሆንም እጅን መታጠብና በጎጆው ሣር ማሸት መልካም ጥንቃቄ ነው። ግልገሉ ራቁቱን ስለ ሆነ ሙቀቱን ብቻውን መጠበቅ አይችልም፤ ስለዚህ ንክኪው አጭርና በሞቀ እጅ ይሁን፤ ግልገሉም ከወንድሞቹ መካከል ተመልሶ በጠጉር ይሸፈን። ሆዱ የሞላ መሆኑን በዚያው ማየት ይቻላል። ከጎጆው ወጥቶ የተገኘውን ሰው ካልመለሰው በብርድ ይሞታል፤ ጥንቸል እንደ ድመት ልጇን በአፏ አንሥታ አትመልስምና።

ይህ ምክር ግን ለሜዳ ጥንቸል አይሠራም። በአውሮፓ የሜዳ ጥንቸል ላይ እንደ ታየው እናቲቱ ግልገሏን በሣር ውስጥ ትታ በምሽት አንድ ጊዜ ለማጥባት ትመለሳለች። ብቻውን ተኝቶ የተገኘ ግልገል የተጣለ ስላልሆነ በስፍራው ሊተው ይገባዋል።

መደምደሚያ

ከላይ እንዳየነው አንድ ዓይነት ግልገል በአንድ ዓይነት እጅ ሥር ሦስት ልዩ ልዩ ዕድል ደርሶታል፤ በሮማ ለማዕድ ተነጠቀ፣ በሣጥን ዘመን ተቈጠረና ተጠበቀ፣ በዘመናችን ደግሞ እንዲላመድ ተያዘ። ይህን ለውጥ ያመጣው አንድ ታላቅ ሰው ወይም አንድ አዋጅ መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ የለም። ያመጡት ስማቸው ያልተጻፈ ብዙ ጠባቂዎች ናቸው፤ ከእነርሱም አብዛኞቹ ሴቶችና ልጆች ሳይሆኑ አይቀሩም፤ የጓሮ እንስሳ ጥበቃ በብዙ አገር የእነርሱ ሥራ ነበርና። የታሪክ ጸሐፊ ግን ስም ያለው ሰው ይፈልጋል፤ ባጣም ጊዜ ሁለቱን ጎርጎርዮሶች እስከ ማደባለቅ ይደርሳል። እኛም ተማሪዎች የአንድን ነገር መነሻ በአንድ ስምና በአንድ ዓመት ተጠቃሎ ባገኘነው ጊዜ ከመቀበላችን በፊት የመጀመሪያውን መጽሐፍ ገልጠን ማየት ይገባናል።